በዲምቱ የተሰፋው ጎማ

አለቃ ሲጠራኝ «አቤት»፣ ሲያዘኝ «እሺ» እያልኩ ስድስት ዓመት ነዳሁ። በሰባተኛው ዓመት አንድ ረቡዕ ቀን፣ ዲምቱ ከተማ መግቢያ ላይ፣ «አይሆንም» አልኩ። ታሪኩን ለልጆቼ ብዙ ጊዜ አውርቼላቸዋለሁ። በወረቀት ሳሰፍረው ግን የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ቃል ቢጎረብጣችሁ ታገሱኝ።

ጊዜው ዞናችን ራሱን ችሎ ከቆመ ገና ጥቂት ዓመት የሆነው ነበር። እኔ ሶዶ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ አብረውኝ የሠሩት ያውቁታል፣ ለሌላው አይጠቅመውም።

እሺ ባይነቴ ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። በደርግ ጊዜ ሠራዊቱ ውስጥ የጭነት መኪና እነዳ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ከብዙ ሺህ ሰው ጋር ተበትኜ፣ ጫማዬ አልቆ፣ በእግሬም በልመናም አገሬ ገባሁ። ዓመታት ጭነት ሳወርድና ስጭን ኖሬ ነው ያንን ሥራ ያገኘሁት። በማኅደሬ ውስጥ «የቀድሞ ሠራዊት አባል» የሚል አንድ መስመር ነበር። ያቺ መስመር ከኔ ጋር ቢሮ ትገባለች፣ ከኔ ጋር ትወጣለች። ስብሰባ ላይ ከኋላ እቀመጣለሁ። እጄን የማነሣው ሁሉም ሲያነሣ ነው። ባለቤቴ አልማዝ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ የወር ደሞዝ ያለው ሰው ደግሞ ከዘመዶቻችን ሁሉ እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው አፉን ቢዘጋ ትፈርዱበታላችሁ?

የምነዳት መኪና ከኋላ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር ያላት ላንድክሩዘር ነበረች። ሞተሯ ጤነኛ፣ ጎማዎቿ ግን ጥርሳቸው አልቆ እንደ መዳፍ ልስልስ ያሉ። ትርፍ ጎማውማ፣ እኛ ስኮርታ የምንለው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ፈንድቶ ግምጃ ቤት ተጥሏል። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅሁ። በመጨረሻ አራት አዲስ ጎማ መጣ፤ ግን ለኃላፊው መኪና ተብሎ ተቀመጠ። የኃላፊው መኪና ጎማ ገና ጥርሱ እንኳ አልተነካም ነበር። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ኦይሳ፣ ድምፁ ከጉሮሮው የማይወጣ ደግ ሰው፣ ጎማዎቹን በሩቁ አሳየኝና «ፊርማ የለውም ወንድሜ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ከሶዶ ስንነሣ ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ ምክትል ኃላፊው አቶ ዘለቀ፣ እና ምሕረት የምትባል ወጣት ባለሙያ። ሥራው ቀላል ነበር። ከዲምቱ አካባቢ ሰባት ሞዴል አርሶ አደሮች ይዘን ስምንት ሰዓት ላይ ሶዶ ለሚጀመር ጉባኤ ማድረስ። ከክልል እንግዶች ይመጣሉ፤ አርሶ አደሮቹ በፊታቸው ስለ ምርታቸው ይናገራሉ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል።

ከግቢ ሳንወጣ «ስኮርታ እኮ የለንም፣ አቶ ዘለቀ» አልኩት።

«ለአንድ ቀን ነው፤ ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

አቶ ዘለቀ በዕድሜ ከኔ ያንሳል፤ «እርስዎ» የምለው ለወንበሩ ነው። ያን ጠዋትም እሺ አልኩ። ይህን የምነግራችሁ ኋላ የሆነውን ሁሉ በሰው ላይ እንዳልጥል ነው። ያለ ስኮርታ ከግቢ የወጣሁት እኔ ነኝ።

በበዴሳ በኩል ቁልቁል ወርደን ዲምቱ ስንደርስ ሙቀቱ ጀምሮ ነበር። ሰባቱን ሰዎች ከየቀበሌያቸው ሰበሰብናቸው፤ አራት ወንዶች፣ ሦስት ሴቶች። ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። በዕድሜ ትልቋ አዬ አማረች ይባላሉ። «አዬ» በእኛ ቋንቋ እናትዬ እንደማለት ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን በበቆሎና በቦሎቄ አካባቢውን ያስደነቁ ሴትዮ ናቸው። ነጭ ነጠላቸው አቧራ እንዳይነካው በፌስታል ይዘውት ነበር፣ ሶዶ ሲደርሱ ሊለብሱት።

ወደ ከተማው ስንመለስ፣ ከደረቁ ወንዝ ወደ ጥርጊያው ስንወጣ፣ የኋላው ቀኝ ጎማ አንድ ስለታም ድንጋይ ታክኮ አለፈ። ድምፁን ሰማሁት። ቀስ ብሎ የሚተነፍስ አልነበረም፤ ባንድ ጊዜ ነው የወረደው።

ወርጄ አየሁ። ምስማር ቢሆን በተመኘሁ። ጎማ መንገድ በሚረግጥበት ፊቱ ቢበሳ ይለጠፋል፤ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ይሄኛው የተቀደደው ጎኑ ላይ ነው፣ የመዳፌን ወርድ ያህል። ክሩ ተበጥሶ እንደ ከብት ጅማት ወጥቷል። ጎን ክብደቱን ሁሉ ተሸክሞ በእያንዳንዱ ዙር የሚተጣጠፈው ቦታ ነው። እዚያ ላይ የተቀደደ ጎማ ሞቷል። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ሰሜን በነበርንበት ጊዜ፣ አንድ ቁልቁለት ላይ፣ ጎኑ የተሰፋ ጎማ ያለው መኪና ከፊቴ ወታደር እንደጫነ ገደል ገብቷል። ከዚያ በላይ አልጽፈውም።

መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ፣ ጎማውን ፈትቼ፣ በፀሐይ እያንከባለልኩ ከተማ ገባሁ። አቶ ዘለቀ ሰዓቱን እያየ ተከተለኝ። አርሶ አደሮቹና ምሕረት ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር ቀሩ።

ዲምቱ ላይ ጎማ የሚሠራው ከድር ነበር። አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚያው ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ ከሱቁ ጎን ባለች ቆርቆሮ ጥላ ሥር የጋሪና የመኪና ጎማ ይጠግናል። ጎማውን አገላብጦ አየና ጣቱን በቀዳዳው አስገባ። ጣቱ በሌላ በኩል ወጣ።

«ይሄ ከእንግዲህ ለጋሪ ነው» አለ።

«ሶዶ ድረስ ብቻ ያድርሰን» አለ አቶ ዘለቀ። «ስፋው፣ ከውስጥ ወፍራም ነገር ለጥፍበት፣ አየር የሚይዝ ካላማዳሪም ክተትበት።»

«መስፋት እሰፋዋለሁ። ላስቲክም እለጥፋለሁ፣ ካላማዳሪም እከታለሁ። አየር ይይዛል። ሰው ይይዛል ግን አልልህም።»

«ስንት ሰው በተሰፋ ጎማ ይሄድ የለም እንዴ?»

ከድር ቀና ብሎ አየው። «ይሄዳል። እኔ ጋ የሚመጡት የደረሱት ናቸው። ያልደረሱትን እኔ አላያቸውም።»

አቶ ዘለቀ ለኃላፊው ልደውል አለ። ከዚያ ወደ ስልክ ቤት ሄድን። ኃላፊውን አገኘው። እኔ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ የሱን ድምፅ ብቻ ነበር የምሰማው። «አዎ ጌታዬ... ጎኑ ነው ይላል ሾፌሩ... አዲስ ጎማ በአውቶቡስ ቢላክ... አዎ፣ እውነት ነው፣ ይዘገያል... እሺ ጌታዬ።» ወጣና «ይሰፋና ኑ ተብሏል» አለኝ።

እሱም እንደኔ እሺ ባይ መሆኑ ያኔ ገባኝ። አዘንኩለት፤ ግን ብዙ አልቆየም።

ከድር አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ። በወፍራም መርፌና በናይለን ሰፋው፣ ከውስጥ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ በማስቲሽ አጣበቀበት፣ ካላማዳሪ ከትቶ ነፋው። ሲጨርስ አቶ ዘለቀን ትቶ ወደኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወላሂ፣ ልጆቼ ቢሆኑ አላሳፍርበትም» አለኝ። ጎማውን እያንከባለልኩ ተመለስኩ። ራሴው ገጠምኩት፣ ራሴው ዳዶውን አጠበቅሁት። እጄ ሥራውን እያወቀ ይሠራል፤ ሐሳቤ ግን ቦታውን ያሰላል። የፊቱን ቦታ ብሰጠው ሲፈነዳ መሪ ይነጥቃል። የኋላውን ብሰጠው የሰባት ሰው ክብደት ይጫንበታል። ለዚህ ጎማ ደህና ቦታ አልነበረውም። እንዲያም ሆኖ አፌ አልተከፈተም። ስድስት ዓመት የተዘጋ አፍ በአንድ ጎማ አይከፈትም።

ሰዎቹ መሳፈር ጀመሩ። አዬ አማረች በኋላ በር በኩል አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው፣ ክንዴን ለድጋፍ ያዙና፣ በወላይትኛ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ተበጀ?»

እንዲሁ ለወግ የተጠየቀ ጥያቄ ነበር። «ተበጅቷል አዬ» ብል ይገቡና ይቀመጣሉ። ነገሩ ያልቃል። እጃቸው ክንዴ ላይ ነው፤ ሻካራ፣ የሠራ እጅ። ፊታቸውን አየሁት። ሌላውን ነገር ሁሉ መሸከም እችል ነበር፣ ያንን ቃል ግን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

«አልተበጀም አዬ» አልኩ።

እግራቸውን ከደረጃው አወረዱ። «ታዲያ ለምን ታሳፍረናለህ?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። ሁሉም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በገዛ ቋንቋችን፣ ጎማው ጎኑ እንደተቀደደ፣ የተሰፋ እንደሆነ፣ ሊያደርስም ላያደርስም እንደሚችል፣ ገደሉ የት የት እንደሆነ ተናገርኩ። «ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ሶዶ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። እኔ ሰው ጭኜ አልነዳም» አልኩ።

አቶ ዘለቀ ከፊት ወንበር ወርዶ መጣ። ወላይትኛ አፉን የፈታበት ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል። ከሰዎቹ ራቅ አድርጎ ወሰደኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እውነቱን ነገርኳቸው።»

«ሕዝብ እየቀሰቀስክ ነው።»

«ሰባት ሰው ነው፣ አቶ ዘለቀ። ደግሞ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ይወቁት።»

«ግባና ንዳ።»

«ሌላ መንገድ አለ» አልኩት። «ባዶዋን መኪና ብቻዬን ቀስ አድርጌ ልውሰዳት። ከፈነዳም እኔው ነኝ። እርስዎና ሰዎቹ በአውቶቡስ ኑ። ጉባኤው ቢዘገይ አንድ ሰዓት ነው።»

«ከክልል የመጡ እንግዶች አውቶቡስ ይጠብቁ ልበል?»

«ይበሉ።»

ፊቱ ቀላ። «አንተ ሰው፣ ማን መሆንህን ረሳኸው እንዴ? ማኅደርህን እናውቀዋለን እኮ።»

ያቺ መስመር መጣች። ስድስት ዓመት ስፈራት የኖርኳት መስመር፣ በዚያ ፀሐይ ላይ፣ በአንድ ሰው አፍ ተጠራች። ነገሩ የሚገርመው፣ ከተጠራች በኋላ ምንም አልሆነችም። መሬቱ እንደቆመ ነው፣ ግራሩ እንደቆመ ነው። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁና ዘረጋሁለት።

«መንጃ ፈቃድ አለዎት። መንዳት ይችላሉ። እኔ ግን አልነዳም።»

ቁልፉን ተቀበለኝ። ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ «ይሄ ሰው ፈሪ ነው፤ ግቡ፣ እኔ ራሴ እነዳለሁ» አላቸው።

አዬ አማረች «አካይ» አሉ። እምቢ፣ አይሆንም ማለት ነው። ፌስታላቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ ግራሩ ጥላ ተመለሱ። ሁለት ሰዎች ተከተሏቸው። አራቱ እርስ በርስ ተያዩና ገቡ። አልፈርድባቸውም፤ የመንግሥት ሰው «ግቡ» ሲል መውረድ ለገበሬ ቀላል አይደለም። ምሕረት በሩን ይዛ ቆማ ነበር። «ጋሽ ጴጥሮስ» አለችኝና ገባች። መኪናዋ አቧራዋን አስነሥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከቀኑ ሁሉ የከፋው ነው። አውቶቡሱ ሰባት ሰዓት ተባለ፤ ሰባት ተኩል ተነሣ። አዬ አማረችና ሁለቱ ሰዎች ከኋላዬ ተቀመጡ። እኔ ከሾፌሩ ጀርባ ቆሜ ነው የሄድኩት። እያንዳንዱ ኩርባ ጋ ስንደርስ አስቀድሜ ገደሉን አያለሁ። የላንድክሩዘሯን ነጭ ቀለም እፈልጋለሁ፤ እንዳላገኘውም እለምናለሁ። በዴሳ ከመድረሳችን በፊት አንድ ጠመዝማዛ ላይ ብዙ ሰው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ቁልቁል ያያል። ሾፌሩን ትከሻውን ያዝኩት፤ አቆመ። ወርጄ ሰዉን ገፍቼ አየሁ። በሬ ነበር። ገደል የገባ በሬ፣ ባለቤቱ ከጎኑ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። ሰውዬውን «እግዚአብሔር ይተካልህ» እንኳ ሳልለው ሮጬ ተመለስኩ። ያን ሰው እስከዛሬ ይቅርታ ልጠይቀው እፈልጋለሁ።

ሶዶ ስንገባ አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ከመናኸሪያው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሮጥኩ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ፣ በቦታዋ ቆማለች። አራቱ ጎማዎች ቆመዋል። ሁሉም ሰው ደርሷል።

እውነቱን ልንገራችሁ? መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ቀጥሎ የተሰማኝ ሐፍረት ነው። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ጎማውን ዳሰስኩት። ስፌቱ አጠገብ የሰው ጡጫ የሚያህል እብጠት ወጥቷል፣ ትኩስ ነው፣ ስጫነው ይረግባል። ጥቂት ኪሎሜትር ቢጨመርለት ኖሮ አንዱ ኩርባ ላይ ይፈነዳ ነበር። ግን አልፈነዳም። አቶ ዘለቀ ከአዳራሹ ለሻይ ሲወጣ አየኝ። ከክልል የመጡት እንግዶችና የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አብረውት ነበሩ።

«አየህ?» አለኝ። ብዙ ሰው ሳቀ።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ኦይሳ ከግምጃ ቤቱ በር ላይ በዓይኑ ጠራኝ። ወደ ውስጥ አሳየኝ። የተሰፋው ጎማ ከወለሉ ላይ ተኝቷል፣ ከአራቱ አዲስ ጎማ አንዱ የለም። «ሌሊቱ ሳይነጋ ነው ያስወጡት» አለኝ በሹክሹክታ። «ኃላፊው ዛሬ እንግዶቹን በዚያች መኪና ወደ ሁምቦ ይዟቸው ይሄዳል። አቶ ዘለቀ ራሱ ነው የፈረመው።»

ሦስተኛው ቀን ላይ ግምገማ ተጠራ። የዚያን ዘመን ግምገማ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁ፣ ሰው መሐል ተቀምጦ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ጥፋቱን የሚናገሩበት፣ በመጨረሻም ራሱን የሚወቅስበት ስብሰባ ነው። ራስህን በደንብ ከወቀስክ ይቀልልሃል። በዋዜማው ምሽት ራት ላይ አልማዝ «ይቅርታ በላቸውና ሥራህን ያዝ፤ ቃል ምን ያስከፍላል?» አለችኝ። ጠዋት ስነሣ ሸሚዜን ተኩሳ ወንበር ላይ ዘርግታዋለች። «የምትለውን አንተ ታውቃለህ» አለችኝ፣ «ብቻ ልብስህ ተጨማድዶ አትግባ።»

ስብሰባውን የመራው ኃላፊው ነበር። አንዱ ተነሥቶ ትእዛዝ አልቀበልም ማለቴን፣ ሌላው የሕዝብ መድረክ ማደናቀፌን ተናገረ። ሌላው አርሶ አደሩን በመንግሥት ላይ ማነሣሣቴን አከለ። አንዱ ደግሞ፣ አብረን ምሳ የምንበላ ሰው፣ «የቀድሞው ሥርዓት አስተሳሰብ አለቀቀውም» አለ። ምሕረት አንገቷን ደፍታ ነበር፤ አልወቀሰችኝም፣ አልደገፈችኝምም። በመጨረሻ ኃላፊው «ግለ ሂስህን እንስማ» አለኝ።

ተነሣሁ።

«አንድ ጥፋት አለብኝ» አልኩ። «ረቡዕ ጠዋት ያለ ስኮርታ ከግቢ መውጣት አልነበረብኝም። ለሱ ቅጡኝ። ሌላ ጥፋት የለብኝም።»

«መኪናዋ ደርሳለች እኮ!» አለ አቶ ዘለቀ። «ጎማው አልፈነዳም።»

«እውነት ነው፣ አልፈነዳም። ደህና ጎማ ከነበረ ታዲያ ሐሙስ ሳይነጋ ለምን ተቀየረ?»

ኃላፊው አቶ ዘለቀን አየው፤ አቶ ዘለቀ ጠረጴዛውን አየ።

«ማን ነው ተቀየረ ያለው?» አለ ኃላፊው።

ያኔ ያልጠበቅሁት ሆነ። ድምፁ ከጉሮሮው የማይወጣው አቶ ኦይሳ፣ ሳይጠራ፣ ከኋላ ወንበር ተነሣ። «እኔ ነኝ ያስወጣሁት» አለ። «ፊርማው አለ። አሮጌው ጎማ ግምጃ ቤት ነው፤ ካዘዛችሁኝ አንከባልዬ ላምጣው።» ከዚያ ተቀመጠ።

«የዲምቱ ገበሬ ሲሳፈርበት ደህና የነበረ ጎማ፣ የክልል እንግዳ ሲሳፈርበት ምን ሆነ?» አልኩ። «እኔ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው።»

ኃላፊው ጠረጴዛውን በእስክሪብቶው መታ መታ አደረገ። «እዚህ የምንገመግመው ጎማ አይደለም። አመለካከት ነው።»

«አመለካከቴን ከጠየቁኝ፣ እኔ የተመለከትኩት ጎማውን ነው» አልኩና ተቀመጥኩ።

ከጥግ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቶሎ ብሎ አፉን ያዘ።

ውሳኔው በዚያው ሳምንት መጣ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ ከሾፌርነት ተነሥቼ ደብዳቤ አመላላሽ። ከሥሩ፣ በጽሑፍ ይቅርታ ከጠየቅሁ እንደገና እንደሚታይልኝ ይላል። ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ተሰጠኝ። ሁለቴም ባዶውን መለስኩት። አቶ ኦይሳን ወደ ሌላ ወረዳ አዛወሩት። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ «ተው፣ ጴጥሮስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ እኩል ሰማኝ» አለኝ።

አራት ወር በሶዶ ዳገት ላይ ደብዳቤ በእግሬ አመላለስኩ። አራተኛው ወር ሲያልቅ አንድ የእህል ጅምላ ነጋዴ አስጠራኝ፤ የከድር አጎት ነበር። አይሱዙ ጭነት መኪና አለው፣ ሾፌር ይፈልጋል። «አልነዳም ብሎ ቁልፍ የመለሰው ሾፌር አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «ከድር ነግሮኛል። ሺህ ነጂ አግኝቻለሁ፤ የማይነዳበትን ጊዜ የሚያውቅ ግን አላገኘሁም» አለ። አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁለት። ልጆቼ የተማሩት በዚያ ነው። ጎማ ይቀየር ስለው አንድም ቀን «ለምን» ብሎኝ አያውቅም።

አዬ አማረችን ከብዙ ጊዜ በኋላ ዲምቱ ገበያ አገኘኋቸው። ጉባኤው ላይ ስለዘገዩ የምስክር ወረቀቱ አልተሰጣቸውም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሞዴል ብሎ የጠራቸው የለም። በኔ ምክንያት መሆኑ እንደከነከነኝ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «በቆሎዬ ወረቀት ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። በመኪናዋ ከሄዱት አራት ሰዎች አንዱም እዚያው ነበር። እሱ ሲያየኝ አንገቱን ሰበረ። «ከተነሣን ጀምሮ እስክንደርስ እጄን ከበሩ መክፈቻ አላነሣሁም» አለኝ። «የነገርከን ሁሉ ጆሮዬ ላይ ነበር። መውረድ አፍሬ ነው።»

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ይህን ታሪክ በተናገርኩበት ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም፣ «ግን እኮ ጎማው አልፈነዳም» የሚለኝ። አንዳንዱ በደግነት ነው፣ ሌላው ሊያሸንፈኝ። ብዙ ዓመት ይህን ስሰማ ውስጤ ይታመም ነበር። እንዲያው ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ጀግና እባል ነበር ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ። ያን ሐሳብ ሳስብ ራሴን ጠላሁት፤ ምክንያቱም ጎማው ላይ ምሕረት ነበረች፣ አራት አባወራና እናት ነበሩ፣ አቶ ዘለቀም የሚጠብቁት ልጆች ነበሩት። ስለ ደረሱ ደስ ይለኛል። ስለ ደረሱ ግን ልክ አልነበርኩም ማለት አይደለም። ሰው በውጤቱ ብቻ ይፈረድበት ቢባል ኖሮ፣ ዕድለኛ ሁሉ ብልህ ይባል ነበር።

በዚያ ቀን የተለወጠው ሥራዬ ብቻ አይደለም። ያቺ የማኅደሬ መስመር ከዚያ ወዲያ አላስፈራችኝም። እሺ ማለትን አልተውኩም፤ ለእውነተኛ ነገር ዛሬም እሺ እላለሁ። የተውኩት ሳልጠይቅ እሺ ማለትን ነው። እናንተም አንድ ቀን አንድ ሰው ክንዳችሁን ይዞ «ተበጀ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ነገሩ ጎማ ላይሆን ይችላል። ድልድይ፣ መድኃኒት፣ የፈተና ውጤት ሊሆን ይችላል። ከኋላችሁ ሰዓቱን የሚያይ አለቃ ይኖራል። እኔ ምን እንደምትሉ አላዝዛችሁም። እኔ ያልኩትን ግን ነግሬያችኋለሁ።

የጠየቁኝን የይቅርታ ደብዳቤ እስከዛሬ አልጻፍኩም። አልጽፍምም።